ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ሥራ ለጀመራችሁና ለመጀመር ለምታስቡ ወጣቶች፤

በዚህ ሙያ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው በስንፍና ሳይሆን በትጋት ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ቢሮውን ሲለቅ 30 ካርቶን ወረቀት መጣ እንበል። አቧራውን፣ የተጨማደደውን ፋይል፣ በላስቲክ የታሰረውን ደብዳቤ ሲያዩት እጅ ያሳክካል። ደብዳቤን ከደብዳቤ፣ ፎቶን ከፎቶ ጋር፣ ሁሉንም በየዓመቱ መደርደር ያምራችኋል። ተዉት።

አንዱን ፎልደር ክፈቱና በዝግታ ተመልከቱ። መጀመሪያ አዲስ ትምህርት ክፍል እንዲከፈት የቀረበ ጥያቄ አለ። ቀጥሎ የሴኔቱ ቃለ ጉባኤ፤ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል። ከዚያ ዳር ላይ በእርሳስ «በጀቱ ይቀነስ» የተባለበት ረቂቅ፣ በመጨረሻም የተቀነሰው በጀት። ረቂቁ ቀን የለውም። መቼና ለምን እንደተጻፈ የሚመሰክርለት የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። አራቱን ወረቀቶች በየዓይነታቸው ብትበትኗቸው አንድም ወረቀት አይጠፋም፤ ጉዳዩ ግን ይጠፋል፤ መልሶ የሚገጥመውም የለም። የአንዱን ምንጭ ሰነድ ከሌላው ጋር አለመቀላቀል እ.ኤ.አ. በ1841 በፈረንሳይ በመንግሥት መመሪያ የወጣ ደንብ ነው፤ ባለቤቱ የተወውን ቅደም ተከተል መጠበቅም የዚያው ቤተሰብ ነው። ሰነዱ ከጆንያ ተዘርግፎ የመጣ ከሆነ፣ የሚጠበቅ ቅደም ተከተል ስለሌለው እናንተ ትሠሩለታላችሁ። እናንተ እንደሠራችሁለት ግን በጽሑፍ ይቀመጥ።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመነሳቱ በፊት መደርደሪያውንና መሳቢያውን ፎቶ አንሱ፤ ካርቶኖቹን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ስጧቸው። ርክክቡን በቃል አትጨርሱ። ባለቤትነቱ መተላለፉ፣ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል ለስንት ዓመት ዝግ እንደሚሆን፣ የማይፈለገው ወረቀት ይመለስ ወይስ ይወገድ የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይፈረም። የሚረሳው የቅጂ መብቱ ነው። ለመምህሩ የተላከ ደብዳቤ ወረቀቱ የመምህሩ ቢሆንም፣ የማሳተም መብቱ በአብዛኛው የጸሐፊው ነው።

ወረቀቱን ራሱ ስትይዙ ነጭ የጥጥ ጓንት ይቅርባችሁ፤ ጣትን ያደነዝዛል፣ ጠርዝ ይቀድዳል። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። ጓንት፣ እሱም የኒትራይል (ቀጭን የሰው ሠራሽ ጎማ)፣ የሚያስፈልገው ለፎቶና ለኔጋቲቭ ነው። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ በመንቀያ አይጎተትም፤ ከጀርባ በኩል ሁለቱን እግሮቹን በቀጭን ስፓቱላ አቅኑና ከፊት ሳቡት። አግራፍም እንደዚሁ ይዝጋል። ላስቲክ እየደረቀ ወረቀት ላይ ይጣበቃል። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች መለጠፍ ግን ከቀዳዳው የባሰ ጉዳት ነው፤ ሙጫው እየቆየ ይቢጫል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የጋዜጣ ቁራጭ አሲድ አለውና የጎረቤቱን ገጽ ያጠቁራል፤ አሲድ በሌለው ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ለዩት። በሙቀት የሚታተም የድሮ ፋክስ ካገኛችሁ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉት፤ እየደበዘዘ ነው።

ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ይነሳል። ከቁጥሩ ሌላ የእርጥበቱ መዋዠቅም ይጎዳል፤ ቀን የአየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ማታ መዝጋት ወረቀቱን ያሳብጠዋል፣ ያኮማትረዋል። ቧንቧ ፈንድቶ ሰነድ ከራሰ 48 ሰዓት ገደማ አላችሁ። በዚያ ጊዜ ማድረቅ ካልቻላችሁ በረዶ ወደሚሠራ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) አስገብታችሁ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙት፤ ከዚያ በኋላ በእርጋታ ማሰብ ይቻላል።

ሁሉም አይቀመጥም፤ መቀመጥም የለበትም። የሴኔት ቃለ ጉባኤ ዋናው ቅጂ ለዘለዓለም ይቆያል፤ በየፋኩልቲው የተበተነው ግልባጭ ይወገዳል። የተማሪ ትራንስክሪፕት ይቆያል፣ የፈተና ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ ይሄዳል። ግን በጸደቀ የማቆያ ሠንጠረዥ (የትኛው ሰነድ ስንት ዓመት እንደሚቆይ በሚደነግግ ዝርዝር) እና በፊርማ እንጂ መጋዘን ስለጠበበ ብቻ አንድ ገጽ አትቅደዱ። በሌላ በኩል የተማሪዎች ማኅበር፣ የምግብ ቤትና የጥበቃ ሠራተኞች ወረቀት በመሸኛ ደብዳቤ አይመጣላችሁም። ሄዳችሁ ካልለመናችሁ ዩኒቨርሲቲው ከ50 ዓመት በኋላ ዲኖች ብቻ የኖሩበት ቤት ይመስላል።

«ስካን አድርጋችሁ ወረቀቱን ጣሉት» የሚል አለቃም ይመጣል። ስካን ለአንባቢ ማገልገያ ነው፤ ተራ ጽሑፍ በ300 ወይም በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)፣ በቲፍ (ጥራት ሳይቀንስ ምስል በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይበቃል። ፋይሉን ለማቆየት ግን ሦስት ቅጂ፣ አንዱ በሌላ ሕንፃ፣ በየጊዜውም የቼክሰም (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳይ የቁጥር አሻራ) ምርመራ ይጠይቃል፤ ይህ ወጪ በየዓመቱ የሚመለስ መሆኑን አለቃው አይነግራችሁም። ፍላሽ ሲመጣላችሁ ደግሞ በቀጥታ ከፍታችሁ አታስሱ። መጻፍ በሚከለክል መሣሪያ ገልብጡት፤ አለዚያ የፋይሎቹ ቀን ሊለወጥባችሁ ይችላል።

የሰነዶቹን ዝርዝር ስትጽፉ ዓለም አቀፉ የመዛግብት ገለጻ ደንብ ግድ የሚላቸው ስድስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ አመንጪ (ሰነዱን የፈጠረው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት)፣ ዘመን፣ መጠን፣ የገለጻው ደረጃ (የተገለጸው ሙሉው ስብስብ፣ ፎልደር ወይስ ነጠላ ወረቀት እንደሆነ)። ከርዕስ ላይ ግን «ልዩ ልዩ ደብዳቤዎች» የሚለውን አውጡልኝ። ልዩ ልዩ የተባለ ፎልደር ማንም አይጠይቀውም፤ ያልተጠየቀ ፎልደር ደግሞ ከሌለ አይለይም። ማን ለማን ስለምን እንደጻፈ ግማሽ መስመር ይበቃል። እያንዳንዱን ገጽ ልዘርዝር ካላችሁም 30ው ካርቶን ዓመታት ይፈጃል፤ አንባቢውም በር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሁሉንም በፎልደር ደረጃ ጨርሱ፤ ብዙ የሚፈለገውን በኋላ ዘርዝሩት።

በምትሠሩበት ሁሉ ያነሳችሁትን፣ ያዛወራችሁትንና ያስወገዳችሁትን በሥራ ማስታወሻ ላይ ከነቀኑ አስፍሩ። ባዶ ፎልደር እንኳ ብታገኙ ላዩ ላይ ያለውን ርዕስ መዝግባችሁ «ሲደርስ ባዶ ነበር» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉበትና ወደ ቦታው መልሱት።