ደጅ የሚወራው ውስጥ ይነገር፦ ለሰበካ ጉባኤ ለተመረጣችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከሰንበት ትምህርት ቤት ተወክላችሁ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የገባችሁ ብዙ ናችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም። ደስ ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በኦዲት ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በየአጥቢያው እየተጠራሁ ሒሳብ አያለሁ፤ ጉባኤም እቀመጣለሁ። እዚያ ካየሁት የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተቀመጣችሁበትን ወንበር እወቁት። ሰበካ ጉባኤ የሚመራበት ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ መጀመሪያ የወጣው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። እሳቸው የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የኛው የጎጃም ሰው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። ደብሩ የሚተዳደርበት፣ ካህኑ የሚኖርበት መሬት ሄደ። የቀረው የምእመኑ እጅ ነበር። ያን እጅ የሚያስተባብር ጉባኤ ባይኖር ኖሮ ስንቱ አጥቢያ ቅዳሴ ይታጎልበት እንደነበር አስቡት። ዛሬም ጠረጴዛችሁ ላይ የሚመጣው ብር ጤፉን ሸጦ አስተዋፅኦ የከፈለ ገበሬ ብር ነው። አንዲት እማሆይ ከመቀነታቸው የፈቱት ብር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጉባኤያችን ትልቁ ችግር ጭቅጭቅ አይደለም፤ ዝምታ ነው።

አለቃው ሐሳብ ያቀርባሉ። ሁሉም «ደግ ነው» ይላል። ጸሎት ተደርጎ ይወጣል። ከዚያ ቅጥሩ ሥር ሁለት ሦስት እየሆኑ መቆም ይመጣል። «የቆርቆሮው ዋጋ አልበዛም?» «ያ ሱቅ ለማን ነው የተከራየው?» እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው እዚያ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ግን የለም፤ የሚመልስም የለም። ጥያቄው ሳምንት ሲቆይ ሐሜት ይሆናል፤ ወር ሲቆይ ጠብ ይሆናል።

ሰው ለምን ዝም ይላል? ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ለአንዳንዱ አባል የነፍስ አባቱ ናቸው። የነፍስ አባቱን በሰው ፊት «ተሳስተዋል» የሚል ጎጃሜ የት አለ? ይህን ክብር እንዳታፈርሱት፤ መልካም ክብር ነው። ሌላው ምክንያት የንግግራችን ልማድ ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ያሉበት አገር ሰው ነገርን ሸፍኖ መናገር ያውቅበታል። ቅኔ ላይ ያምራል። የገንዘብ ጉዳይ ላይ ግን ጸሐፊው የሚጽፈው ሰሙን ብቻ ነው፤ ወርቁ መዝገብ ላይ አይገባም።

መፍትሔው ከአባቶቻችን ወግ የሚወጣ ነው። በድሮው የንጉሥ ችሎት ፍርድ የሚሰጠው ከታናሹ ተነሥቶ ወደ ላይ ነበር። ንጉሡ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይደግም ነው። ጉባኤያችሁም እንዲህ ይሁን። ከስብሰባው በፊት አለቃው ዘንድ ለብቻቸው ሄዳችሁ፣ ጉልበታቸውን ስማችሁ፣ «አባታችን፣ የእርስዎን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ቢነግሩን» በሏቸው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እንዲያውም የሚከብዳቸው ሁሉም ነገር በእሳቸው ትከሻ መቅረቱ ነው። ከዚያ ጥያቄው ከእናንተ፣ ከታናናሾቹ ይጀምር። ከኋላ የተቀመጡትን እናቶች ስማቸውን ጠርታችሁ ጠይቁ። ለንግሥ በዓል ስንት ሰው እንደሚመጣና ስንት ብር እንደሚወጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አላየሁም።

አጀንዳው ቀድሞ ይድረስ። ስልክ ላለው በቴሌግራም፣ ለሌለው በወረቀት። የገንዘብ ጉዳይ ካለ ፕሮፎርማው አብሮ ይላክ። ስብሰባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን አኃዝ ማንም አይመረምርም፤ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ። ከባዱን ጉዳይም መጀመሪያ አድርጉት። ረጅም ሪፖርት ሰዓቱን በልቶት የግንባታው ጉዳይ ሰው ፀሐይዋን እያየ ባለበት ሰዓት ሲወሰን በጣም ያናድደኛል።

ቀኑንም አስቡበት። ብዙ ደብር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። ከሌሊት ጀምሮ የቆመ፣ እህል ያልቀመሰ ሰው ነው እኮ! ጸበል ጻዲቁን ይቅመስ፣ ትንሽ ይረፍ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚወጣ በእነዚያ ቀኖች ሰፊ ስብሰባ አትጥሩ። ለገጠሩ አጥቢያ የተሻለው በሬ የማይጠመድበት ወርኃዊ በዓል ነው፤ የሚካኤል፣ የማርያም ወይም የበዓለ ወልድ ቀን። ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ ጥሪም አያስፈልገው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ላይ ያለ ገበሬ ግን ባይመጣ አትቀየሙት።

ስለ ቃለ ጉባኤ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊ የምትሆኑት እናንተ ናችሁና። «ስለ ጣሪያው በሰፊው ተወያይቶ መልካም ውሳኔ ተላልፏል» የሚል ቃለ ጉባኤ ስንት አንብቤያለሁ! ይህ ምንም አይልም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ለጣሪያው ቆርቆሮ ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ፤ የሚሰበስቡት ገንዘብ ያዡና የምእመናን ተወካዩ እንዲሆኑ፤ እስከ ጥር 21 ቀን እንዲያቀርቡ።» ምን፣ ማን፣ መቼ፣ ስንት። የቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያ ሥራ ይህን አንብቦ «ደረሰ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ደግሞ ቃለ ጉባኤውን ቤት ወስዳችሁ አታሳምሩት። ከመዝጊያው ጸሎት በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። «እንዲህ አላልኩም» የሚል ካለ እዚያው ይታረም። ያልተስማማ ሰው ካለ የልዩነት ሐሳቡ በስሙ ይጻፍ። ሁሉም እዚያው ይፈርም። ገጹ ቁጥር ይኑረው፤ በጽሑፉና በፊርማው መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ መሥመር አስምሩበት። በአንድ አጥቢያ የሱቅ ኪራይ ውል ሲመረመር ከፊርማው በላይ በኋላ የገባች አንዲት መሥመር ተገኘች። ማን እንደጻፋት አልታወቀም። የወረዳው ቤተ ክህነት ነገሩን እስኪያበርድ ድረስ አብረው ያደጉ ሰዎች ሰላምታ አቁመው ነበር። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈትም ያው ነው። ብቻውን የሚቆጥር አይኑር። የተቆጠረው እዚያው ይጻፍ፣ ይፈረምበት፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ባንክ ይግባ። ይህ ካህኑን አለማመን አይደለም። ካህኑን ከሐሜት መጠበቅ ነው።

የሥራ ዘመናችሁ ሦስት ዓመት ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ርክክቡን ከመጀመሪያው ቀን አስቡት። የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ ያለቀውና ያላለቀው የደረሰኝ ጥራዝ፣ የባንክ ደብተር፣ የንብረት ዝርዝር፣ ማኅተም፣ የዕቃ ቤት ቁልፍ፤ ሁሉም በዝርዝር ተጽፎ ይተላለፍ። የተወሰነ ግን ያልተፈጸመ ነገር ካለ ለብቻው በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ለምን እንደቆመም ጨምሩበት። አስረካቢና ተረካቢ ፈርመው አንዱ ቅጂ ደብሩ ይቅር፣ አንዱ ለወረዳው ቤተ ክህነት ይላክ።