የ1999 ሞተር በ2004 ፒክአፕ ላይ፦ ይገባል ማለት ይፈቀዳል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። የ2004 ሞዴል ፒክአፕ አለኝ፤ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆሟል። ጎረቤቴ ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ የሆነ፣ የዚያው ፋብሪካ የ1999 ፒክአፕ አለው፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው። መካኒኩ ‹ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ ካታላይዘሩንም አውጥተን እንጣለው፣ ጉልበት ይጨምራል› ይለኛል። ሌላው አማራጭ መኪና ከሚፈታቱ ነጋዴዎች የ2006 ሞተር መግዛት ነው። በሕግ የሚያስጠይቀኝ ነገር አለ? ታይትሉስ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የሚለወጥ ነገር ይኖራል?»

መልስ፦ ከካታላይዘሩ፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ ከሚያጣራው ዕቃ ልጀምር፤ እሱ አያከራክርም። አይነካም። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ አንቀጽ 203 በፋብሪካ የተገጠመን የጭስ መቆጣጠሪያ ማውጣትንም ሆነ ከሥራ ውጭ ማድረግን ይከለክላል። ድሮ ክልከላው የሚመለከተው አምራቾችን፣ ነጋዴዎችንና ጋራዦችን ነበር፤ በ1990 ሕጉ ሲሻሻል ግን «ማንኛውም ሰው» ተባለ። ስለዚህ ጣሪያ ሥር አስገብተው ራስዎ ቢፈቱትም ያው ነው። በሕጉ የተጻፈው ቅጣት በአንድ መኪና ለግለሰብ እስከ 2,500 ዶላር፣ ለአምራችና ለመኪና ነጋዴ እስከ 25,000 ዶላር ነው፤ ቁጥሩ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ስለሚሄድ ዛሬ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ምክር የሰጠዎት መካኒክ ራሱም አብሮ ይጠየቃል። እሱ ያሰበበት አይመስለኝም።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1991 ያወጣው መግለጫ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሞተር ከተቀየረ በኋላ የሚገኘው መኪና፣ ከሻንሲው (ሞተሩ ከሚቀመጥበት የመኪናው አካል) ሞዴል ዓመት ጋር እኩል ወይም ከእሱ አዲስ በሆነ ዓመት ፈቃድ ካገኘ አንድ የመኪና ዓይነት ጋር በሁሉም የጭስ ነክ ክፍሎቹ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የእርስዎ ሻንሲ የ2004 ነው። የ1999ን ሞተር ከነገመዱ፣ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነማርሚታው አንስተው ቢያስቀምጡበት የሚወጣው መኪና የ1999 መኪና ነው። ይህ አይፈቀድም። የ2006ቱ ግን ሙሉ ዕቃው አብሮት እስከመጣ ድረስ ይፈቀዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መመሪያው የሚያየው የብረቱን ዕድሜ ሳይሆን ሥራው ሲያልቅ ከጋራዡ የሚወጣውን መኪና ነው። አንድ ፋብሪካ ተመሳሳይ ሞተር ለብዙ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። የጎረቤትዎ ሞኖብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል)፣ ቴስታታ (የላይኛው ክዳኑ)፣ ፒስተንና ካምሻፍት ከ2004ቱ ጋር በዕቃ ቁጥር ጭምር አንድ ከሆኑ፣ ባዶውን ሞተር ወስደው የራስዎን የ2004 አየር ማስገቢያ፣ ኢንጀክተሮች፣ ኦክስጅን ሴንሰሮች፣ ካታላይዘር፣ የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያና ኮምፒውተር ካለበሱት፣ የሚወጣው መኪና የ2004 መኪና ነው። ያ በፌዴራሉ መመሪያ በኩል ችግር የለበትም። «ያለ ምንም ችግር ይገባል» የሚለው አነጋገር ግን ይህን አያረጋግጥም፤ ውጪው አንድ ሆኖ የፒስተኑ ግፊት ወይም የካምሻፍቱ ቅርጽ በመካከል ተለውጦ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ የሁለቱንም ዓመት የዕቃ ቁጥሮች ከፋብሪካው ካታሎግ አውጥቶ በጽሑፍ ያሳይዎት። ካላሳየ ሞተሩ አይነሳ።

የ2006ቱን ሲመርጡም የፒክአፑን ክብደት ይመልከቱ። በአሽከርካሪው በር ጠርዝ ላይ ባለው ልጣፍ የተጻፈው ሙሉ የተፈቀደ ክብደት ከ8,500 ፓውንድ በላይ ከሆነ መኪናው በጭስ ሕግ ከከባዶቹ ወገን ይቆጠራል። ከከባድ ፒክአፕ የተፈታ ሞተር በቀላሉ ፒክአፕ ላይ መግጠም፣ ዓመቱ አዲስ ቢሆንም፣ በአብዛኛው አይፈቀድም፤ የከባዶቹ ሞተር በሌላ መለኪያ የተፈተነ ነውና። ሻጮች ይህን አይነግሩዎትም፤ ብዙዎቹም አያውቁትም።

የሚኖሩበትን ግዛት አልጠቀሱም፤ ከዚህ በኋላ ልዩነቱ እዚያ ነው። ጥብቋ ካሊፎርኒያ ናት። እዚያ የተለወጠ ሞተር ያለው መኪና ወደ ተራ የጭስ ምርመራ ጣቢያ ሳይሆን ሬፈሪ ወደሚባለው የመንግሥት መርማሪ ይሄዳል፤ ዓመቱን፣ የመኪናውን ክፍልና እያንዳንዱን መቆጣጠሪያ አይቶ ነው የሚያሳልፈው። የጭስ ምርመራ የሌለባቸው ግዛቶች ነዋሪዎች «እኛን አይመለከተንም» ሲሉ እሰማለሁ። ስህተት ነው። ምርመራው ባይኖርም የፌዴራሉ ክልከላ አለ። ምርመራ ባለባቸው ግዛቶች ደግሞ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ያሉ ቀላል መኪኖች መርማሪው ገመድ የሚሰካበት የራስ ምርመራ ኮምፒውተር አላቸው፤ ሞተሩና ኮምፒውተሩ ካልተግባቡ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ራሱ ይመሰክርብዎታል።

ታይትሉን በተመለከተ፦ በአሜሪካ የመኪናው ማንነት የሚታወቀው በሻንሲው 17 አሃዝ መለያ ቁጥር ስለሆነ ሞተር በመቀየሩ ብቻ ዓመቱ አይለወጥም፤ መኪናዎ 2004 ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ግዛቶች የሞተር ለውጥ እንዲነገራቸው ሊጠይቁ ስለሚችሉ የግዛትዎን የተሽከርካሪ መዝገብ ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። በብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ላይ የዚህ መለያ ቁጥር ስምንተኛው አሃዝ የሞተሩን ዓይነት፣ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ስለዚህ ነገ መኪናውን ሊገዛ የመጣ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ቁጥሩን ቢያስተያይ ልዩነቱን ያየዋል። በሞኖብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ግን «እንዲስማማ» ብሎ መፋቅም ሆነ መቀየር ለአፍታም አይታሰብ። የመለያ ቁጥርን እያወቁ ማጥፋት ወይም መለወጥ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስፈርድ ወንጀል ነው።

ያው የሞተር ቁጥር ሞተሩን ከማን እንደገዙ ለማስረዳትም ይጠቅምዎታል። ሞተሩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ፣ እርስዎ በቅን ልቦና ሙሉ ዋጋ ከፍለው ቢገዙትም ባለቤት አይሆኑም፤ ሌባ የሌለውን መብት ማስተላለፍ አይችልም። ፖሊስ ከመኪናዎ ላይ አስፈትቶ ሊወስደው ይችላል፣ እርስዎ የሚቀርዎት ሻጩን መክሰስ ነው። ከጎረቤትዎ ሲገዙም ቢሆን «ጎረቤቴ ነው፣ አፍሬ እንዴት ወረቀት እጠይቃለሁ» አይበሉ። የ1999ኙን መኪና ታይትል ቅጂ፣ የሁለታችሁ ፊርማ ያለበትና የሞተሩ ቁጥር የተጻፈበት የሽያጭ ወረቀት ይያዙ።

ከነጋዴ ከገዙ የተሻለ ጥበቃ አለዎት፤ ግን አጠያየቅዎ ይወስነዋል። ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ግዛቶች በተቀበሉት የንግድ ሕግ መሠረት፣ ሻጩ ዕቃውን ለምን እንደሚፈልጉት እያወቀ፣ እርስዎም በእሱ ዕውቀት ተማምነው ከገዙ፣ ዕቃው ለዚያ ዓላማ እንዲስማማ ዋስ ይሆናል። ስለዚህ «የ2006 ሞተር አለህ?» ብቻ አይበሉ። የፒክአፕዎን ዓመትና ሙሉ መለያ ቁጥር በኢሜይል ይላኩና «ለዚህ መኪና የሚሆን ስጠኝ» ይበሉ። ካልሆነ ያ ኢሜይል ማስረጃዎ ነው። ደረሰኙ ላይ «እንዳለ የተሸጠ» የሚል ቃል ካለ ግን ይህ ጥበቃ በአብዛኛው ይጠፋል፤ ከመፈረምዎ በፊት ያሰርዙት ወይም በምትኩ የተወሰነ ቀን ዋስትና ያጽፉ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይቀራሉ። ከሞተሩ ጋር ክሩስኮቱም (የማይል ቆጣሪው ያለበት ሰሌዳ) የሚቀየር ከሆነ የማይል ቆጣሪው ማሳየት ያለበት የሻንሲውን ጉዞ እንጂ የሞተሩን አይደለም፤ የቀድሞውን ቁጥር እንዲያሳይ ማድረግ ካልተቻለ ወደ ዜሮ ተመልሶ የቀድሞው ማይልና የተቀየረበት ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ በግራ በኩል ባለው የበር ፍሬም ላይ መለጠፍ አለበት። ኢንሹራንስዎንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፣ በተለይ አዲሱ ሞተር ከቀድሞው በጉልበት የሚበልጥ ከሆነ።

ከመካኒኩ ጋር የሚፈርሙት የሥራ ውልም የሚገጠመውን ሞተር ቁጥርና ዓመት፣ የጭስ መቆጣጠሪያዎቹ በሙሉ እንደሚመለሱ፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመውም መኪናው የግዛቱን ምርመራ ካለፈ፣ ምርመራ ከሌለም የቼክ ኢንጂን መብራቱ ጠፍቶ ከተፈተሸ በኋላ መሆኑን ይግለጽ። በዚህ አልስማማም ካለ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።