«ሞልቷል፣ እንሂድ!»

ጥያቄ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 58 ነው። ሸንቼ ስወጣ የቀረ ያለ ይመስለኛል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስደርስ እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ተሳፋሪ ጭኜ የት ልቁም? ሱሪዬም ላይ ጠብ ይላል። ሐኪም ፕሮስቴትህ ትንሽ አብጧል፣ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግህም ብሎኛል። ራሴ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መናኸሪያ ሽንት ቤት ሲገቡ ረዳትዎ «ሞልቷል፣ እንሂድ!» እያለ በሩን ይደበድባል፣ አይደል? ግማሹ ችግር እሱ ነው። ሲቸኩሉ ያምጣሉ። ሲያምጡ ደግሞ መላላት ያለበት ጡንቻ ይጨመደዳል።

በነርስነት ስሠራ ለብዙ አባቶች የነገርኩትን ልንገርዎ። ቁጭ ብለው ይሽኑ። እኛ ወሎዎች ይኼ አይከብደንም፤ ሙስሊም አባቶቻችን ድሮም ቁጢጥ ብለው ነው የሚሸኑት። ሲያልቅ ቶሎ አይነሱ። ወደ ፊት ዘንበል ብለው ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያውጡ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ሳያምጡ፣ እንደገና ይሞክሩ። «አለቀ» ያሉት ሽንት ሲመጣ ይገረማሉ። እምቢ ካለ ተነስተው ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዱና ተመልሰው ይቀመጡ።

ሱሪ ላይ ጠብ የምትለዋ ከፊኛ የቀረች አይደለችም። የሽንት ቱቦው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የተኛች ናት። ከፍሬዎ ከረጢት ኋላ በጣትዎ ጫን ብለው ወደ ፊት ይግፏት። የጥርስ ሳሙና ሊያልቅ ሲል ከታች እየገፋን እንደምናወጣው ማለት ነው።

ጫት ይቅማሉ? አልጻፉልኝም፣ ግን መንገዱን አውቀዋለሁ። ጫት የፊኛውን አፍ ስለሚያጠብ ሽንት ቀጠን ብሎ ይወርዳል። አንዳንድ የጉንፋን ክኒንም እንደዚሁ ነው። በደሴ ብርድ ጉንፋን አይቀርምና ፋርማሲ ሲገቡ ፕሮስቴትዎ እንዳበጠ ይናገሩ። ቡናውን አልከለክልዎም፤ የማታውን በረካ ብቻ ይተዉልኝ።

ሽንት ጭራሽ እምቢ ብሎ ከእምብርትዎ በታች ከተወጠረ፣ ደም ካዩ ወይም ትኩሳት ከያዘዎ ግን የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሰው ይውሰድዎ እንጂ ራስዎ አይንዱ። ባይብስም በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ከሸኑ በኋላ ስንት እንደቀረ በአልትራሳውንድ እንዲታይልዎ ይጠይቁ።

ረዳትዎንም በሩን ተው ይበሉት።