ስለ እናቶችና ሕፃናት አመጋገብ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ቁመቱ ግን ከእኩዮቹ ያንሳል። እኔም ሆንኩ ባለቤቴ አጭር ስለሆንን ዘመዶቻችን «የዘር ነው» ይሉናል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ዘር በአንድ ሰው ቁመት ላይ ድርሻ አለው፤ ሆኖም ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሳይለካ የሚሰጥ በመሆኑ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የዕድገት መለኪያ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የእናት ጡት፣ በቂ ምግብና ጥሩ እንክብካቤ ያገኙ ልጆች በሁሉም አገሮች እጅግ በተቀራረበ መጠን እንደሚያድጉ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ ብዙ ልጆች ሲቀነጭሩ ምክንያቱን በምግብ እጥረት፣ በተደጋጋሚ ሕመምና በእናቶች ጤና ውስጥ መፈለግ ይገባል። ልጅዎን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በዚህ ዕድሜ ቁመት የሚለካው ልጁ በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ተኝቶ ነው፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ጫፍ ጋር አስነክቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ቀስ አድርጎ ዘርግቶ ተንሸራታቹን እንጨት ወደ እግሩ መዳፍ ያስጠጋል። ልኬቱ በየጊዜው እየተመዘገበ እንዲቀጥልም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የሚሰጣት የአይረን ክኒን ስለሚያቅለሸልሻት አቁማዋለች። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። በእርግዝና ወቅት የእናት የደም መጠን ስለሚጨምር ሰውነቷ የሚፈልገው አይረን (የብረት ማዕድን) ከተለመደው ምግብ ብቻ ሊሟላ አይችልም፤ ለዚህም ነው በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ከ0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ (የቫይታሚን ዓይነት) ጋር እንዲወሰድ የሚመከረው። የደም ማነስ ያለባት እናት በወሊድ ጊዜ የሚፈስሳትን ደም የመቋቋም አቅሟ ዝቅተኛ ነው፤ ልጇም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። ክኒኑን ማታ ከምግብ በኋላ መውሰድ ማቅለሽለሹን ብዙ ጊዜ ያቀልለዋል። ሻይና ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ አብሮ መጠጣት አይገባም፤ የሰገራ መጥቆርም የሚያስፈራ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ካልተስማማቸው፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን የሚለውጥላቸው ባለሙያ ስለሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ያማክሩ።

አንድ ነገር ግን እኔም ልጠይቅዎት፦ በቤታችሁ ባለቤትዎ የሚበሉት መቼ ነው? በብዙ ቤቶች ሴቲቱ አብስላ፣ አቅርባና ሌላውን አብልታ የተረፈውን ትበላለች፤ እንቁላሉና ሥጋው ደግሞ ከሚተርፈው ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ክኒን ይህን አይተካም። ከእርግዝና መጀመሪያ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉት ለልጅ ዕድገት ወሳኝ የሆኑ 1000 ቀናት የሚጀምሩት በእርስዎ ማዕድ ላይ ነውና ድርሻቸው አስቀድሞ ይነሳላቸው።

ጥያቄ፦ ስድስት ወር ለሞላት ልጅ ምን ያህል ጊዜ ምግብ ይሰጣል?

መልስ፦ ጡት ሳይቋረጥ፣ እስከ ስምንት ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይሰጣል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቀጭኑ ሆዷን በውኃ ይሞላዋል። እህል ብቻውን አይበቃም፤ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየተራ ይጨመርበት። እንቁላልን እስከ አንድ ዓመት ማቆየት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ተቅማጥ ሲይዛትስ ምግብ ይቁም?

መልስ፦ አይቁም። ጡቱም ምግቡም ይቀጥል፤ ኦ.አር.ኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ለ10–14 ቀናት ዚንክ ይሰጣት። በሰገራዋ ደም ከታየ ወይም መጠጣት ካቃታት በአፋጣኝ ወደ ሐኪም ትወሰድ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ማኅበር አለን። ያለንን ገንዘብ ለተጎዱ ሕፃናት ምግብ ማደያ ብቻ ብናውለው ትክክል ነን?

መልስ፦ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያለው ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ካበጡ በዕደላ ሳይሆን በሕክምና መታገዝ ስላለበት፣ በመጀመሪያ እነዚህን ለይታችሁ ወደ ጤና ተቋም ላኩ። የቀረውን ግን እኔ ብሆን ለወጣት ሴቶችና ለነፍሰ ጡሮች አውለው ነበር። ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ ስታረግዝ የራሷና የፅንሱ ዕድገት አንዱን ምግብ ይሻሙበታል፤ ትዳርን ማዘግየትም ስለዚህ የአመጋገብ ሥራ አካል ነው። ስብሰባ ስትጠሩም እናቶችን ብቻ አትጥሩ፤ የምግቡን ገንዘብ የሚይዙት ባሎችና አራስ ምን እንደምትበላ የሚወስኑት አማቶች ካልመጡ፣ የተማረችውን በቤቷ ለመፈጸም የምትችለው ጥቂቷ ናት።