በናይጄር ዴልታ ረግረግ 20 ካሜራ የት የት ይተከል?

«እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ 20 ካሜራ ይዤ ናይጄሪያ ባለው የናይጄር ወንዝ ዴልታ ውስጥ በነዳጅ ቧንቧ መስመር ዙሪያ ያሉትን የዱር አጥቢዎች ላጠና ነው፤ የት የት ልትከላቸው?» ላሉት አባላችን፦

በመጀመሪያ ሁሉንም ቧንቧው ዳር አይደርድሯቸው፤ የሚያወዳድሩበት ያጣሉ። በየ30 ቀኑ እያዛወሩ በሦስት ዙር 60 ቦታ ይሸፍኑ፤ በነጥብና በነጥብ መካከል ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ይኑር። በየዙሩ ግማሹ ቧንቧው አጠገብ፣ ግማሹ ራቅ ብሎ ይሁን። ቅርቡን ጨርሰው ወደ ሩቁ ከሄዱ በመሀል ውሃው ይሞላና የሙላቱን ውጤት የነዳጅ ዘይት ያስመስልብዎታል። ለቧንቧው የተመነጠረው መስመር የአዳኝም መንገድ ስለሆነ ከመንደርና ከጀልባ ማረፊያ ያለውን ርቀትም ይመዝግቡ። አለበለዚያ ጥይት የጨረሰውን ዘይት ጨረሰው ብለው ይጽፋሉ።

ብዙ ጥናት የሚሳሳተው ቦይ ዳር ነው። ለጀልባና ለቁፋሮ ማሽን ማለፊያ ቦይ ሲቆፈር የወጣው ጭቃ ግራና ቀኝ ተከምሮ ይቀራል። ውሃ ሲሞላ ደረቅ መሬት እሱ ብቻ ስለሚሆን ጥርኙም፣ ሞንጉዙም (ትንሽ ሥጋ በል አጥቢ)፣ የሸንበቆ አይጡም (ትልቅ የዱር አይጥ) እዚያው ይጠጋል። ካሜራው ክምሩ ላይ ከሆነ የተቆፈረው ቦታ ካልተነካው ረግረግ የበለጠ እንስሳ ያለበት ይመስላል። እነዚህን ነጥቦች ለብቻ ይያዙ፤ ከጫካው ጋር አይደምሯቸው።

ካሜራው ፎቶ የሚያነሳው የእንስሳው ገላ ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ይዞ ሲንቀሳቀስ ነው። ከውሃ የወጣ ኦተር (ዓሣ የሚበላ ዋናተኛ አጥቢ) ላዩ ርጥብና ቀዝቃዛ ስለሆነ ፊት ለፊት አልፎም ላይመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ውሃ ዳር ያለውን ካሜራ በየደቂቃው በራሱ እንዲያነሳ ያስተካክሉት፤ ኩሱንም ይፈልጉ። የሸርጣን ስብርባሪ ብቻ ካለበት የረግረግ ሞንጉዝም ሊሆን ይችላል፤ የዓሣ ቅርፊትና የእግር ዱካ ሲጨመርበት ነው ኦተር የሚባለው። ካሜራው ጋዝ ወደሚቃጠልበት ነበልባል አይዙር፤ ባዶ ፎቶ ካርዱን ይሞላዋል። ከፍታውን ደግሞ ውሃው ግንዱ ላይ ከተወው የጭቃ መስመር በላይ አድርገው ወደ ታች ያዘንብሉት። ሊቲየም ባትሪና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ አይርሱ።

ለአይጦች የሸርማን ወጥመድ (በሕይወት የሚይዝ ሳጥን) ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ ይታሰር፤ ጉድጓድ ወጥመድ ረግረግ ላይ ውሃ ይሞላዋል። ፀሐይ ሳይጠነክር ይፈትሹ። ናይጄሪያ ውስጥ አይጦች የላሳ ትኩሳት የሚባለውን አደገኛ የቫይረስ በሽታ ስለሚያስተላልፉ ያለ ጓንትና ጭንብል አይንኩ።

ነዳጅ በድብቅ ከቧንቧ በሚቀዳበት አካባቢ ካሜራ ያስጠረጥራል። የመንደሩን ሽማግሌዎች አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ የሰው ፎቶ እንደሚሰረዝ ቃል ይግቡ፣ ይሰርዙም።

ሲተነትኑ የዝርያ ቁጥር ብቻ አያወዳድሩ። ሲታቱንጋ (የረግረግ አጋዘን መሰል እንስሳ) እና ቀይ ጉሬዛ ጠፍተው በምትካቸው የሸንበቆ አይጥና ሸለመጥማጥ ቢገቡ ቁጥሩ አይለወጥም። የትኛው ዝርያ የት እንደታየና እንዳልታየ በሠንጠረዥ ያስቀምጡ፤ «አልታየም» ያሉትንም በስንት የካሜራ ሌሊት (አንድ ካሜራ አንድ ሌሊት ሲሠራ አንድ ይባላል) እንደሆነ አጠገቡ ይጻፉ።