«ተቀበል!»፦ ጎልማሳ ሆኖ ኢምፕሮቭ ስለ መጀመር ጥያቄና መልስ

ኢምፕሮቭ የሚባለው ጽሑፍ ሳይጠና፣ ተመልካች ከሚወረውራት አንዲት ቃል ተነስቶ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ቀልድና ድራማ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። የመጀመሪያው ክፍል የገባሁት በ39 ዓመቴ ነበር፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ። በየለቅሶ ቤቱና በየልደቱ «ያ ማታ ማታ የምትሄጂበት ነገር ምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥ፦ እኔ ሰው ማሳቅ አልችልበትም። ቀልድ ሳወራ መጨረሻውን እረሳዋለሁ። ይሆነኛል?

መ፦ ይሆንሃል። መጀመሪያ ላይ የሚቸገሩት ይልቅ ቀልደኞቹ ናቸው፤ ጓደኛቸው እየተናገረ እነሱ ቀጣዩን ቀልድ በሆዳቸው ያዘጋጃሉ፣ ስለዚህ የተባለውን አይሰሙም። እዚህ ቤት ዋናው ሥራ መስማት ነው።

የራሴን የመጀመሪያ ቀን ልንገርህ። አብራኝ የቆመችው ልጅ እጇን እያርገፈገፈች «ዶክተር፣ ላሜ ታማብኛለች!» አለችኝ። እኔም «ዶክተር አይደለሁም» አልኳት። ጸጥ አለ። ልጅቷ ላሟን ይዛ ቀረች፤ የሚቀጥል ነገር አልነበረም። አስተማሪው አልተቆጣም፣ «እንደገና» ብቻ አለ። ሁለተኛ «ላሜ ታማብኛለች» ስትለኝ «አዎ፣ ትናንት ሌሊት ስታስነጥስ እስከ ቤቴ ተሰምቷል» አልኳት። እሷ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ከዚያ መሆኑን ነገረችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዳችንም ቀልድ አላወራንም፤ የተሰጠንን ተቀብለን አንድ ነገር ጨመርንበት እንጂ። በዚህ ሙያ «አዎ፣ ደግሞም» የሚባለው ሕግ ይኸው ነው።

ጥ፦ 57 ዓመቴ ነው። ከልጆች ጋር መንጦልጦል አያሳፍርም?

መ፦ ኧረ አያሳፍርም፣ ጋሼ። በኔ ክፍል ጡረታ የወጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አባት ወይም ዳኛ ሆነው ሲቆሙ ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ የማያመጣውን ክብደት ያመጣሉ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ቀድመው ይንገሩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም ይሠራል።

ጥ፦ እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነው። ቃል ቢጠፋብኝስ?

መ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የጨዋታዎቹ አመጣጥ መልስ አለውና። ቫዮላ ስፖሊን የምትባል ሴት ብዙዎቹን የፈጠረቻቸው በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ውስጥ፣ ቋንቋና ባህላቸው ከተለያየ የስደተኛ ልጆች ጋር ስትሠራ ነው። ከጨዋታዎቿ አንዱ ትርጉም በሌለው፣ እዚያው በተፈጠረ ቋንቋ ብቻ መነጋገር ነው። ድምፅሽ፣ ዓይንሽና እጅሽ ይበቃሉ። ልጇ ፖል ሲልስ በ1959 ሰከንድ ሲቲ የተባለውን የቺካጎ ቲያትር ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ዛሬ በየከተማው የምናየው አብዛኛው ነገር ሥሩ ከዚያ ነው። እንግሊዛዊው ኪት ጆንስተን ደግሞ በሌላ መንገድ መጥቶ፣ በ1977 ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሉስ ሙስ የተባለውን ቲያትር አቋቋመ።

ቃል ሲጠፋኝ እኔ በአማርኛ እለዋለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው እንደገባው ሆኖ ይመልሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

ጥ፦ እኛ ይሉኝታ ያለን ሰዎች ነን። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? ደግሞ ሁሉን ተቀበል ከተባለ፣ የማልፈልገውን ነገር ቢያደርጉብኝስ?

መ፦ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፣ እህቴ። ሁለተኛውን ላስቀድም። የምንቀበለው ታሪኩን ነው። ላሟ ታማለች ከተባለ ታማለች። ሰውነትሽንና እምነትሽን ግን ማንም እንድትሰጪ አያስገድድሽም። ደህና አስተማሪ በመጀመሪያው ቀን የማይነካውን ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ አንቺ ንገሪው። አንድ ጊዜ አንድ ወንድ ሳይጠይቀኝ ወገቤን ያዘ። «ይቁም» አልኩ፣ ቆመ፣ ከሌላ ቦታ ጀመርን። የሚያሾፍብሽ ወይም «አታካብጂ» የሚልሽ አስተማሪ ከገጠመሽ ገንዘቡን ትተሽ ውጪ።

ይሉኝታው ግን ረጅም ነገር ነው። እኔ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ያደግሁ ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ ሌላ ሰው እስኪለው እጠብቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተን ቆመን «ዚፕ፣ ዛፕ፣ ዞፕ» እየተባባልን ጭብጨባ እንወራወራለን። የሚሳሳት ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ተሳሳትኩ!» ብሎ ይጮኻል፣ ሁሉም ያጨበጭብለታል። ለሁለት ሳምንት ስሳሳት አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እጄን ሳነሣ እንባዬ መጣ። በትምህርት ቤት ዘመኔ ስህተት ማለት ኩርኩም ነበር፤ ስህተቴ ሲጨበጨብለት የሰማሁት በ39 ዓመቴ ነው። ያኔ የሰው ዓይን ከትከሻዬ ላይ ወረደ ብልሽ አላጋነንኩም።

ጥ፦ ጭንቀትን ያድናል ይባላል፤ እውነት ነው?

መ፦ ሕክምና አይደለም። እንቅልፍ የሚነሣ ጭንቀት ካለብህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ይህን ጎን ለጎን አድርገው። ኢምፕሮቭ ድፍረትን በትንሽ በትንሹ ያለማምዳል፣ ከዚያ በላይ አልምልልህም።

ጥ፦ ይህ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ?

መ፦ ስሙ ነው የፈረንጅ። እንካ ስላንትያ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሳያስብ ቤት መምታትን ያውቃል። አዝማሪ ቤት ስትገባ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትወረውራለህ፤ እሱም ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ ይለዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። «አዎ፣ ደግሞም» ማለት ይኸው ነው! አንድ ልዩነት ግን አለ። እንካ ስላንትያ ላይ ጓደኛህን ረትተህ ታሸንፋለህ። ኢምፕሮቭ ላይ ረቺ የለም፤ ጓደኛህ ያማረለት ቀን ላንተም ያማረልህ ቀን ነው። እኛ አበሾች ይህ ይከብደናል፣ ምላሳችን ለመርታት የሰላ ነውና። እኔንም ከምንም በላይ ያስቸገረኝ እሱ ነው።

ጥ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ክፍል ፈልጌ አላገኘሁም። እንዴት ልጀምር?

መ፦ ስድስት ወይም ስምንት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፣ ሳሎን ይበቃል። በአማርኛ ሥሩት። ክብ ሠርታችሁ አንድ ታሪክ ጀምሩ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ብቻ ይጨምር። «ትናንት»፣ «አያቴ»፣ «ፒያሳ»… አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያርፍ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ አይታወቅም፤ በእንግሊዝኛ ያላገኘሁት ደስታ ነው። አንድ ሰው ተመልካች ይሁንና ሰዓት ይያዝ። ከተጫወታችሁ በኋላ ማን ጎበዝ እንደነበር አትገምግሙ፣ ጨዋታውን የሚገድለው እሱ ነው።

ጥ፦ እኔ ያለሁት ዲሲ አካባቢ ነው። ስንት ጊዜ ይወስዳል? ምን ይዤ ልሂድ?

መ፦ ዋሽንግተን ኢምፕሮቭ ቲያትር ለአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል አለው። የጀማሪ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን እየሆነ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይ ለወዳጅ ዘመድ ትንሽ ትርዒት ይቀርባል። የማያዳልጥ ጫማ አድርጊ፣ ውኃ ያዢ። ሀበሻ ሰዓት አይሠራም፣ ስም መተዋወቂያው የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ ነው።