ጠይቁን፦ የግእዝ ልጅ በጅማ የላቲን ቁምስና

(«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ካቶሊክ ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። የእህቴ ባል ኦርቶዶክስ ነው። ቡና በተጠጣ ቁጥር «የናንተ ሃይማኖት ጣልያን ያመጣው የፈረንጅ ነው» ይለኛል። የምንከራከረው በፍቅር ቢሆንም ማስረጃ ይዤ ልመልስለት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አማችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በዚህ አካባቢ የሰበኩት የካፑቺን ማኅበር መነኩሴው ጉልዬልሞ ማሳያ፣ አገሬው «አባ ማስያስ» ያላቸው፣ ትውልዳቸው ጣልያን ነው። ለኦሮሞ ምድር ጳጳስ ሆነው የተሾሙት በ1846፣ ከፋ የገቡት በ1859 ነው። ያኔ ግን ጣልያን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም፤ የተመሠረተው በ1861 ነው። የፋሺስቱ ወረራ ከዚያ በኋላም ከሰባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የመጣው። በሰሜን ደግሞ አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በ1839 ሲመጡ የአገሩን የግእዝ ሥርዓት አክብረው ነው ያስተማሩት። ከተከታዮቻቸው አንዱ ጎጃሜው መነኩሴና ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1855 በእስር ላይ ሳሉ አረፉ፤ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። እኚህን ሰው ፈረንጅ የሚል የለም።

ከሮም በኩል ያለውንም ይንገሯቸው። የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1548 እና 1549 እዚያው ሮም ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ነው። ከቅርቡ ከሆነ ደግሞ፣ ጅማ-ቦንጋ በ1994 ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር ሲሆን የመጀመሪያው ኃላፊ የነበሩት አባ ብርሃነ ኢየሱስ፣ በ2015 ካርዲናል ሆነው፣ በ2025 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ከመረጡት 133 ካርዲናሎች አንዱ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አይሸሽጉ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊኩ ፓትርያርክ ሜንዴዝ የላቲኑን ሥርዓት በግእዙ ላይ ሊጭኑ ሞክረው አገር በደም ታጥቧል፤ በ1632 ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። የአማችዎ ጥርጣሬ ሥሩ እዚያ ነው፤ ተገቢ ጥርጣሬም ነው። ዛሬ የግእዙን ሥርዓት በሕግ አጥሮ መጠበቅ ያስፈለገው እንዲህ ያለ ጥፋት እንዳይደገም ነው። ቀጣዩ ጥያቄም ከዚሁ ይያያዛል።

ጥያቄ፦ የተወለድኩት እምድብር ነው፤ ክርስትና የተነሣሁትም በግእዝ ሥርዓት። ባለቤቴ የቦንጋ ልጅ፣ ላቲን ነው። ጅማ ስንኖር የምናስቀድሰው በላቲን ነው። ላቲን ሆኛለሁ ማለት ነው? የሚወለደው ልጃችንስ?

መልስ፦ አልሆኑም። ሃያ ዓመት ጅማ ቢቆርቡና ቢናዘዙም የግእዝ ልጅነትዎ አይነካም፤ ሕገ ቀኖናው በግልጽ የጻፈው ነው። እምነቱ፣ ምሥጢራቱና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አንድ ናቸው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን 24 ራሳቸውን የቻሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ አንዱ የላቲኑ፣ 23ቱ የምሥራቅ። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር-ደሴ የግእዝ ሀገረ ስብከቶች ሲሆኑ፣ ጅማ-ቦንጋ ከደቡቡና ከምዕራቡ ጋር የላቲን ነው።

ወደ ባልዎ ሥርዓት መሻገር ከፈለጉ በጋብቻው ጊዜም ከጋብቻው በኋላም ይችላሉ። በቆሞሱ፣ ማለትም በአጥቢያው ኃላፊ ካህን፣ እና በሁለት ምስክሮች ፊት ቃልዎን ይሰጣሉ፤ ይመዘገባል። ጋብቻው ካበቃ፣ ለምሳሌ በሞት፣ መመለስም ይችላሉ። ከዚህ ውጭ መሻገር የሚፈልግ ሰው የሮምን ፈቃድ ይጠይቃል። እኛን ከጠየቁ ግን ግእዝዎን ይያዙት፤ ትዳርዎንም ሆነ ቁርባንዎን የሚያውክ ነገር የለም።

ልጁ የአባቱን ይከተላል። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ለካህኑ ካስታወቃችሁ የእናቱን ይይዛል። የጥምቀቱ ቦታም ሆነ ያጠመቀው ካህን ይህን አይወስንም። ዕድሜው 14 ሞልቶት የሚጠመቅ ሰው ግን ራሱ ይመርጣል።

ችግር የሚፈጠረው መዝገቡ ላይ ነው። ጸሐፊው «ካቶሊክ» ብሎ ያልፋል፤ ልጁ አድጎ ሊያገባ ወይም ዘርዓ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ሊገባ ሲል የማን እንደሆነ ይጠፋል። ከ2016 ወዲህ የላቲኑም ሕግ ይህ እንዲጻፍ ያዛል። ስለዚህ ከጥምቀቱ በኋላ ከመዝገቡ አጠገብ ሳይርቁ «ግእዝ» ወይም «ላቲን» ተብሎ መጻፉን ይዩ። በምሥራቁ ሕግ ሜሮን ከጥምቀት ጋር ነው የሚሰጠው፤ በላቲኑ ግን ልጁ ነፍስ ካወቀ በኋላ። እምድብር ወስደው ካስጠመቁትና ሜሮን ከተቀባ፣ ጅማ ላይ ለሜሮን ትምህርት ሲያስመዘግቡት ለአስተማሪው ይንገሩ። ሜሮን አይደገምም።

ለእህትና ለወንድሞችዎም የሚጠቅም ነገር፦ ከተጋቢዎቹ አንዱ የግእዝ ልጅ ከሆነ ጋብቻውን የሚባርከው ቄስ መሆን አለበት። በላቲኑ ዲያቆን ይበቃል፤ እዚህ ላይ ግን ዲያቆን ቢባርክ ጋብቻው አይጸናም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ናይሮቢ ሊያገባ ነው። ከጅማ የላክንለትን የጥምቀት ወረቀት «ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም» ብለው መለሱበት።

መልስ፦ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ወረቀቱ ላይ መጋቢት 5 ቀን 1985 ዓ.ም. ቢል፣ ፓስፖርቱ ማርች 14 ቀን 1993 ይላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን መለወጫው በአንድ ቀን ወደ ታኅሣሥ 21 ይመጣል። ብዙዎች ዓመቱን አስተካክለው ቀኑን እንዳለ ይተዉታል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ወደ ተጠመቀበት ቁምስና (አጥቢያ) ይሂዱ፤ ዋናው መዝገብ ያለው እዚያ ብቻ ነው። አዲስ ግልባጭ ይጠይቁ፤ ከስድስት ወር ያለፈውን ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት፤ ስሙ ከነአባትና ከነአያት እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይሁን። የክርስትና ስሙ የተለየ ከሆነ ሁለቱም ይጠቀሱ። በኅዳጉ ሌላ ጋብቻ አለመመዝገቡም ይገለጽ። የቆሞሱ ፊርማና ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት እንዲያረጋግጠው ያድርጉ።

መዝገቡ ጠፍቶ ከሆነ ክርስትና አባቱ ወይም በቦታው የነበረ አንድ የታመነ ሰው ቢመሰክር ይበቃል። ከሠርጉ በኋላ ናይሮቢዎች ጋብቻውን ለጅማው ቁምስና ማሳወቅ አለባቸው፤ በጥምቀቱ መስመር ኅዳግ ላይ መጻፉን እርስዎ ሄደው ይጠይቁ።